«ለመስቀል ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የማን ቃል ነው?

ሰሞኑን አንድ የልብስ ማስታወቂያ ይህን አባባል ይዞ «አሮጌውን ጣሉ፣ አዲስ ግዙ» ሲል ሰማሁና ከልቤ ተናደድሁ። አባባሉ የገዢ አይደለም፤ የፈታይ ነው።

አያቴ ክረምት ሲገባ ጥጡን ድንጋይ ላይ አድርጋ በብረት ትዳምጠውና ፍሬውን ትለያለች። ከዚያ በደጋን ነድፋ ታባዝተዋለች። ማታ እሳት ዳር እንዝርቷን ጭኗ ላይ እያሾረች፣ ድሩን አጥብቃ፣ ማጉን ላላ አድርጋ ትፈትላለች። ልቃቂቱ ሞልቶ ሸማኔው ዘንድ ሲደርስ ነሐሴ ተጋምሷል። ሸማኔው ደግሞ የአገሩን ሁሉ ፈትል ተቀብሎ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» ይላል። ጭቃና የወንዝ ሙላት ከእኩዮቿ ለይቷት የከረመች ልጅ የምትወጣው መስከረም 16 ደመራው ሲደመር ነው። ቀሚሱ በማግስቱ ቢደርስ ምን ያደርጋል? «ይበጣጠስ» የሚለው ከዚያ ሁሉ ልፋት በኋላ የሚወጣ ቃል ነው።

አንዳንዱ «ለፋሲካ» ይላል። እኔ ግን መጀመሪያውኑ የመስቀል ነው፣ ያወጡትም ሴቶች ናቸው ባይ ነኝ፤ የበዓሉ ታሪክ የሴት ነውና። ቅድስት እሌኒ የእንግዳ ማረፊያ ሠራተኛ እንደነበረች የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስ ጽፏል። ባሏ ቆስጠንጢዮስ ለሥልጣን ብሎ ተዋት፤ ልጇ ቆስጠንጢኖስ ሲነግሥ ግን ከበረች። በ326 ዓ.ም. ገደማ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ኢየሩሳሌም ስትወርድ ሰማንያ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር። አባቶቻችን እንደሚተርኩት በሽማግሌው ኪራኮስ ምክር ደመራ አስደምራ፣ ዕጣን አስጨምራ፣ ጢሱ የሰገደበትን ስፍራ መስከረም 17 ማስቆፈር ጀመረች፤ መስቀሉም መጋቢት 10 ወጣ። ለከርሞ፣ ለከርሞ ብትል ኖሮ ዕድሜዋ ላይጠብቃት ይችል ነበር፤ ልጇ በጎልጎታ ያሠራው ቤተ ክርስቲያን በ335 ሲመረቅ እርሷ በሕይወት አልነበረችም። ይህን በየዓመቱ ከካህኑ አፍ የሚሰሙ እናቶች ጊዜውን ለጠበቀ ነገር ያላቸው ፍቅር ከእርሷ የተወረሰ ይመስለኛል።

ታዲያ ይህን የመሰለ ቃል ለሸቀጥ ማራገፊያ ማዋል ነውር ነው። ዘሩ በቅሎ ካለቀ በኋላ ማዳበሪያ ለሚመጣለት ገበሬ፣ ፈተናው ካለፈ መጽሐፍ ለሚታደለው ተማሪ ይተውለት፤ እነርሱ ሲሉት ያምርባቸዋል።