«ላም አለኝ በሰማይ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ሀስባንድሪ የምትለው የእንግሊዝኛ ቃልስ ከሱ ጋር ምን አገናኛት?

የምንኖረው ሱሉልታ ነው፣ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ስትወርድ ያ ሰፊው የድርቆሽ ሜዳ ያለበት፣ ሁለት የወተት ላሞች አሉን። በቀደም የእህቴ ልጅ፣ ግብርና የሚማረው፣ ሞጁሉን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ አኒማል ሀስባንድሪ ማለት የእንስሳት እርባታ ነው አይደል?» አለኝ። አዎ ልለው ስል እናቴ ቡናዋን እየቆላች «ሀስባንድ ባል ማለት አይደል እንዴ? ላምና ባል ምን አገናኛቸው?» አለች። ልጁ ሳቀ፣ ግን የእማዬ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፣ ቃሉ እውነትም ከዛው ነው የመጣው።

ከ1000 ዓመት በፊት ገደማ እንግሊዝ አገር የሰፈሩ የስካንዲኔቪያ ሰዎች ቃል ነው። በነሱ ቋንቋ «ሁስ» ቤት ነው፣ «ቦንዲ» ደግሞ የራሱ መሬት ያለው ነዋሪ፣ ገበሬ ማለት ነው። ስለዚህ ሀስባንድ መጀመሪያ የቤቱ ጌታ ነበር፣ እኛ አባወራ የምንለው፣ ባል ወደሚለው የዞረው በኋላ ነው። እኛም እኮ ባለቤት ስንል የቤቱ ጌታም ነው የትዳር ጓደኛም ነው! ሁለት የማይተዋወቁ ቋንቋዎች አንድ መንገድ መሄዳቸው እኔን በጣም ነው የገረመኝ። ሀስባንድሪም መጀመሪያ ቤት ማስተዳደር ነበር፣ ከዛ መሬትና ከብት በወጉ መያዝ ሆነ፣ ያለህን ሳታባክን ቆጥበህ መጠቀም የሚል ትርጉምም አለው። የመጽሐፍና የቢሮ ቃል ነው፣ ህንድ አገር የሚኒስቴር መስሪያ ቤት ስም ውስጥ ሁሉ አለ፣ ለሰብልም ክሮፕ ሀስባንድሪ ይባላል። በ1611 የታተመው የእንግሊዞቹ መጽሐፍ ቅዱስ ዮሐንስ 15 ላይ ሀስባንድማን የሚለውን የኛው «ገበሬውም አባቴ ነው» ይለዋል።

እርባታ የሚለው ትርጉም ለኔ ትንሽ ይጠበኛል። እርባታ ከመርባት ነው፣ ከመብዛት፣ ማብላቱና ማጠጣቱ፣ በረት መጥረጉ፣ ግቷን አጥቦ ማለቡ፣ ለጥጃው በተወለደ በሰዓታት ውስጥ እንገር ማጠጣቱ እዛ ቃል ውስጥ በደንብ አይታይም። እዚህ አካባቢ ከብት ያለው ሰው የሚለው «አያያዝ» ነው፣ «አያያዟ ጥሩ ነው» ትባላለች ላሟ። «አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት» የሚለው ላይ ያለው አያያዝ ራሱ ማለት ነው።

አሁን ወደ ተረቱ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ»። ሁላችንም የምናውቀው ትርጉሙ እጅ ላይ ያልገባ ነገርን እንዳለ ቆጥሮ መኖር ነው። የ1997 የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ «ቤት አለህ?» ሲሉት «ላም አለኝ በሰማይ» ብሎ ይመልሳል፣ ውጭ ያለ ወንድሙ እልካለሁ እያለ ዓመት ያለፈበትም እንደዛው። ብዙ ሰው «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ከሚለው ጋር ያቀላቅለዋል፣ ግን ይለያያሉ፣ ኩበት ለቃሚው የሄደው ጭራሽ ላም ያልደረሰበት ቦታ ነው፣ የሰማይዋ ግን «አለኝ» የተባለላት ናት፣ ስሟ አለ ወተቷ የለም። ተረቱ የወጣው ላምን በምትሰጠው ከሚቆጥር ቤት ነው፣ ወተቷ፣ ቅቤዋ፣ ነገ በሬ የሚሆነው ጥጃዋ፣ ኩበቷ ሳይቀር፣ ይሄ ሁሉ ከሌለ አለኝ ማለት ምን ዋጋ አለው።

ሰው ሁሉ ሰማይ የምትለዋን ነው የሚይዘው፣ ላሟ ሩቅ ናት ይላል። እኔ ግን «አላይ» የምትለዋ ናት የምትከብደኝ፣ ምክንያቱም ላም ግቢህ ውስጥ ታስራ የሰማይ ላም ልትሆን ትችላለች፣ በኛ ደርሷል። ያኔ እኔ ስራዬ አዲስ አበባ ነበር፣ ገና ሳይነጋ ወጥቼ ማታ እመለሳለሁ፣ እማዬም ታማ እህቴ ጋ ነበረች፣ ከብቶቹን የሚይዝልን ልጅ ደግሞ ለስራው አዲስ ነው። ትልቋ ላም ኮርማ መፈለጓን ያየ ሰው አልነበረም። ላም ኮርማ ስትፈልግ ምልክቷ የሚቆየው ከአንድ ቀን በታች ነው፣ ትጮሃለች፣ ሌላ ላም ሲወጣባት ዝም ብላ ትቆማለች፣ ከኋላዋ የጠራ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወርዳል፣ ጠዋት ካየህ ማታ ትዳቀላለች፣ ካላየህ እስከሚቀጥለው 21 ቀን ነው። ሁለት ዙር አለፈን፣ 42 ቀን፣ ፉርሽካው ይገባል ፋጉሎው ይገባል ድርቆሹ ይገባል፣ ወተቱ ግን ቀን በቀን እየቀነሰ፣ ሆዷም ከጥጃ ባዶ። እማዬ ተሽሏት ስትመለስ ላሟን ዞር ዞር ብላ አየቻትና ለኔ አንድም ቃል ሳትናገር ለልጁ ብቻ «ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው ልጄ» አለችው። ልጁ ምን ያድርግ፣ ያላሳየነውን ከየት ያምጣው። ቃሉ ለኔ ነበር፣ ባለቤት ተብዬ በረት ሳልገባ ሳምንት ለማልፈው።

ከዛ ወዲህ ጠዋት 11 ሰዓት ሳይታለብ በፊት አንዳችን በረቱ ውስጥ ቆመን እናያቸዋለን፣ ማታ ከታለበም በኋላ እንደዛው፣ እማዬ ደግሞ የበረቱ በር ጀርባ ላይ በከሰል ቀን ትጽፋለች፣ ኮርማ የፈለገችበትን፣ የተዳቀለችበትን፣ 21 ቀን የሚሞላበትን። የእህቴን ልጅ ይዤው ገብቼ ያንን በር አሳየሁት፣ በሞባይሉ ፎቶ አነሳው። ትልቋ አሁን ሰባት ወሯን ይዛለች፣ ሰሞኑን ማለቡን አቁመን አንጥፈናታል፣ ሁለት ወር አርፋ ትወልዳለች፣ ቀኑም በሩ ላይ ተጽፏል።