ከማውንቴን ወደ ኮርሳ፦ በደሴና በኮምቦልቻ መንገድ የምንሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለዓመታት ማውንቴን (የተራራ ሳይክል) የነዳሁት በጦሳ ተራራ ጥግ፣ በኮረኮንቹና በእግር መንገዱ ነበር። ዘንድሮ ጓደኞቼ ወደ አስፋልትና ወደ ኮርሳ (የጎዳና መወዳደሪያ ሳይክል) ሳቡኝ። እሁድ ማለዳ ከደሴ ተነስተን ወደ ኮምቦልቻ እንወርዳለን። ሲመቸን እስከ ሐርቡ እንዘልቃለን፤ ከዚያ ዳገቱን ይዘን እንመለሳለን። የጎዳና ውድድር መሞከር የሚፈልግ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ተመሳሳይ ነገሮች ይነሳሉ። አብዛኞቹን እኔም አምንባቸው ነበር።

«ማውንቴን የለመደ ሰው ለኮርሳ አይሆንም»

ይሆናል። አውስትራሊያዊው ካዴል ኢቫንስ በፈረንጆቹ 1998 እና 1999 የተራራ ብስክሌት የዓለም ዋንጫ አሸናፊ ነበር። በ2011 ታዋቂውን የጎዳና ውድድር ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈ። ፈረንሳዊቷ ፖሊን ፌራን-ፕሬቮ በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ በተራራ ብስክሌት ወርቅ ወሰደች። በዓመቱ ደግሞ የሴቶቹን ቱር ደ ፍራንስ አሸነፈች።

ከተራራ ይዘነው የምንመጣው ብዙ ነገር አለ። ሚዛን መጠበቅ፣ ከፊት ያለውን መንገድ ቀድሞ ማየት፣ ጎማ ሲንሸራተት አለመደንገጥ። ከጭነት መኪና የተራገፈ አሸዋ ኩርባ ላይ ሲገጥም ይህ ልምድ ከመውደቅ ያድናል። የሚጎድለን ሌላ ነው። ተራራ ላይ ለአጭር ጊዜ በሙሉ ጉልበት እንገፋለን፤ ከዚያ ቁልቁለቱ ያሳርፈናል። አስፋልት ግን ለሰዓታት ሳያቋርጡ በእኩል ጉልበት ፔዳል መምታት ይጠይቃል። ይህ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል።

«መጀመሪያ ኮርሳ መግዛት አለብኝ»

አያስፈልግም። ጥርሳሙን ጎማ አውጥታችሁ ቀጠን ያለና ለስላሳ ጎማ አስገቡ። የፊት ሾካችሁ (ንጥረት የሚውጠው ሹካ) መቆለፊያ ካለው ቆልፉት። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይበቃል።

ክብደትን በተመለከተ አንድ ስሌት ልንገራችሁ። ሰውና ሳይክል አንድ ላይ 80 ኪሎ ቢሆኑና ሳይክሉ በ3 ኪሎ ቢቀል፣ ልዩነቱ ከጠቅላላው 4 በመቶ አይሞላም። አንድ ሰዓት በሚፈጅ ዳገት ላይ የምታተርፉት ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። ገንዘብ ካላችሁ ቀድማችሁ ጥሩ ሄልሜት ግዙ።

«ጎማ በጠነከረ ቁጥር ይፈጥናል»

እንደ መንገዱ ነው። አስፋልቱ ሻካራና የተጣጣፈ ከሆነ በጣም የተነፋ ጎማ ይነጥራል፤ እያንዳንዱ ንጥረት ደግሞ ጉልበት ይበላል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው፣ 28 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ጎማ፣ ከ70 እስከ 80 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ) ጥሩ መነሻ ነው። ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ጣሪያ ግን አትለፉ። ጎሚስታ ቤት ስታስነፉም ቁጥሩን ራሳችሁ ተናገሩ።

«ከሰው ኋላ ተከልሎ መንዳት ስንፍና ነው»

እዚህ ላይ ብዙ ልቆይ፤ ከማውንቴን የመጣ ሰው በጣም የሚቸገረው በዚህ ነውና። ተራራ ላይ ሁሉም በየራሱ ነው። አስፋልት ላይ ግን ትልቁ ጠላት ንፋስ ነው። ፍጥነታችሁ እጥፍ ሲሆን የንፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ሜዳ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ስትነዱ አብዛኛው ጉልበታችሁ የሚያልቀው አየር በመግፋት ነው። ሌላ ሰው ኋላ ተጠግቶ የሚነዳ ሲሶ ያህል ጉልበት ሊቆጥብ ይችላል።

በፈረንጆቹ 2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይም በትልልቅ ቡድኖች ውስጥ ለመሪዎቹ ብዙ ሠርቷል። ሰውን ከንፋስ መከለል ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ባለው መንገድ በየተራ ፊት እየወጣን ንፋሱን እንጋፈጣለን፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተራዬ ደርሶ ፊት ስወጣ ጠንክሬ መታሁ። ጥንካሬዬን ማሳየት መስሎኝ ነበር። ዞር ስል ግማሾቹ ርቀው ቀርተዋል። አንዱ ጓደኛዬ ደረሰብኝና «አብሽር» አለኝ፤ «ፊት ስትወጣ ፍጥነቱን አትቀይር። ሲደክምህ ሳይሆን ሳይደክምህ ወደ ኋላ ተመለስ።» ይህን ምክር ለአዲስ ሰው ሁሉ እነግራለሁ።

ሁለተኛው ነገር የፊት ጎማ ነው። የፊት ጎማችሁ ከፊታችሁ ካለው ሰው የኋላ ጎማ ጎን እንዳይገባ። ሰውየው ትንሽ ዘንበል ካለና ጎማዎቹ ከተነካኩ፣ የሚወድቀው ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ከኋላ ያለው ነው። ፊት ያለው ሰው ደግሞ ዓይን ነው። «ጉድጓድ!»፣ «ባጃጅ!»፣ «በግ!» ብሎ መጮህ ግዴታው ነው። ዝም ብሎ ጉድጓድ ዘሎ የሚያልፍ ሰው፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ከኛ ጋር ሁለት ጊዜ አይነዳም።

ዳገት ላይ ሌላ ነው። ፍጥነቱ ዝቅ ስለሚል ከኋላ መከለሉ ብዙ አይጠቅምም። ወደ ደሴ በሚመልሰን የዶሮ መዝለያ ዳገት ላይ ሁሉም በራሱ ልክ ይውጣ፤ አናቱ ላይ እንጠባበቃለን።

«ደሴ ስለምንኖር ሳንባችን ጠንካራ ነው»

ግማሽ እውነት ነው። ደሴ 2500 ሜትር ከፍታ አካባቢ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያንሳል። ሰውነታችን ይህን ለምዶታል። ግን ያው ስስ አየር ጠንካራ ልምምድ ስንሠራ ይገታናል፤ ጡንቻችን የሚችለውን ያህል አንገፋም።

በፈረንጆቹ 1997 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሯጮችን በቡድን ከፍሎ ለአራት ሳምንት ተከታትሏል። የተሻሻሉት 2500 ሜትር ላይ እየኖሩ 1250 ሜትር ላይ ወርደው የሠሩት ነበሩ። እኛ ይህ ዕድል ደጃችን ላይ አለ። ኮምቦልቻ ከደሴ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። ልዩነቱ የጥናቱን ግማሽ ያህል ብቻ ቢሆንም አየሩ ይሻላል። ስለዚህ አጫጭርና ጠንካራ ልምምዶችን ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ እንሠራለን፤ ደሴ ተመልሰን እንተኛለን።

«ካልደከመኝ ልምምድ አይባልም»

ጓደኛሞች ሲገናኙ ሁሉም ቀን ውድድር ይሆናል። አንዱ ትንሽ ይፈጥናል፣ ሌላው አልበለጥም ይላል። ሳምንቱ ሲያልቅ ሁሉም ዝሏል። ጎበዝ ተወዳዳሪዎች አብዛኛውን ሰዓታቸውን ቀለል አድርገው ነው የሚነዱት። መለኪያው ቀላል ነው፦ ወሬ ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል።

«ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳይለቁ መውረድ ይሻላል»

ይህ አደገኛ ነው። ቸርኬውን በሚይዝ ፍሬን ረጅም ቁልቁለት ሳትለቁ ከወረዳችሁ፣ ቸርኬው ግሎ የውስጥ ጎማው ሊፈነዳ ይችላል። ኩርባው ውስጥ ሳይሆን ከኩርባው በፊት ቀንሱ። ሁለቱንም ፍሬን ተጠቀሙ፤ ኩርባው ውስጥ ስትገቡ ላላ አድርጉ። ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ሲወርድና አስፋልቱ ሲረጥብ ደግሞ ለመቆም የሚያስፈልጋችሁ ርቀት ይረዝማል። እንዲህ ያለ ቀን እኛ ሳይክላችንን ይዘን አንወርድም።

የጭነት መኪና ጀርባ ይዘው ዳገት የሚወጡ ልጆችን ሳይ ልቤ ይደነግጣል። ሹፌሩ አያያችሁም። ጉድጓድ ሲያመልጥ እናንተን ይጥላችኋል። እባካችሁ ወንድሞቼ፣ ተዉት።

«ውሃ ብቻ ይበቃል»

ለአንድ ሰዓት አዎ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ስትነዱ ግን ሰውነት በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይፈልጋል። አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ገደማ ይሰጣል። እኛ ሙዝና ዳቦ በኪሳችን፣ በማር የተበጠበጠ በሶ በኮዳችን እንይዛለን። ሳይርባችሁ ብሉ። ዳገቱ መሃል ላይ ከራባችሁ ዘግይታችኋል።

በረመዳን ይህ ሁሉ ይቀየራል። ከቡድናችን ግማሹ ይጾማል። ስለዚህ ክርስቲያኖቹም ጨምረን ከማፍጠሪያ በፊት ቀለል አድርገን ፒያሳና ሸዋ በር አካባቢ እንነዳለን። አዛን ሲል ተምር ይዘን አብረን እንቀመጣለን። ዶሮ መዝለያ እስከ ኢድ ይጠብቀናል።