ስክሩቦል ኮሜዲ ምንድን ነው? ከኢያሪኮ ግንብ ማዶና ማዶ የተጀመረ ፍቅር

ከቤዝቦል ልጀምር። አውቃለሁ፣ አብዛኞቻችን አንድ የቤዝቦል ጨዋታ እንኳ አይተን አንጨርስም። ቃሉ የመጣው ግን ከዚያ ነው። ኳስ ወርዋሪው ኳሷ አየር ላይ ታጥፋ እንድትሄድ ማድረግ ይችላል። መቺውም በልምድ ወዴት እንደምትታጠፍ ይገምታል። ስክሩቦል የሚባለው ውርወራ ታዲያ ከተለመደው በተቃራኒ ነው የሚታጠፈው። በእኛ በእግር ኳሱ ቋንቋ፣ ሁሉም በውስጥ እግሩ ይመታል ብሎ ሲጠብቅ በውጪ እግሩ የሚመታ ተጫዋች አስቡ። በረኛው ወደ ቀኝ፣ ኳሷ ወደ ግራ።

በጁላይ 1934 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ካርል ሃብል የተባለው የዚህች ውርወራ ሊቅ፣ በከዋክብት ጨዋታ ላይ ቤብ ሩትን ጨምሮ አምስት ታላላቅ መቺዎችን በተከታታይ አሰናበታቸው። ቃሉ ለሰውም ይሠራ ነበር። ትንሽ ነካ የሚያደርገውን፣ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ የማይታወቀውን ሰው አሜሪካኖች ስክሩቦል ይሉታል። የፊልም ጸሐፊዎች ይህንኑ ቃል አንስተው በዚያው ዘመን ብቅ ባሉ አንድ ዓይነት የፍቅር ኮሜዲዎች ላይ ለጠፉት።

በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ወንድና ሴት ሲገናኙ መጀመሪያ ይጨቃጨቃሉ። ብዙ ጊዜ አንደኛው ሀብታም ነው፣ ሌላው ኪሱ ባዶ። ሴቲቱ አንገቷን ደፍታ የምትጠብቅ አይደለችም፤ እንዲያውም ጨዋታውን የምትመራው እሷ ናት። ወሬው ፈጣን ነው፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይቀበላል። ወደ ሰርግ እየሄደ ነው ስትሉ ታሪኩ ይታጠፋል። ጠብ ነው ስትሉ ደግሞ ፍቅር ሆኖ ታገኙታላችሁ።

በትርጓሜ ብቻ ግን አይገባም። አንዱን ፊልም ቀርቦ ማየት ይሻላል። እኔ የመረጥኩት የወገኑ ሁሉ በኩር የሚባለውን ነው።

“ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት” ይባላል፤ “አንድ ምሽት እንዲህ ሆነ” እንደማለት። በፌብሩዋሪ 1934 ነው የወጣው። ዳይሬክተሩ በልጅነቱ ከሲሲሊ ከቤተሰቡ ጋር የተሰደደው ፍራንክ ካፕራ ነው። ድርሰቱን መጽሔት ላይ ከወጣ አጭር ልቦለድ ተነስቶ የጻፈው ሮበርት ሪስኪን ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኤሊ አንድሩስ የሚሊየነር ልጅ ናት። አባቷ ሳይፈቅድ አንድ ዝነኛ አውሮፕላን አብራሪ አግብታለች። አባትየው ጋብቻው እንዲፈርስ ፈልጎ ፍሎሪዳ ውስጥ መርከቡ ላይ ያግታታል። እሷ ከመርከቡ ዘላ ባሕር ትገባለች። ዋኝታ ታመልጥና ወደ ኒውዮርክ የሚሄድ የሌሊት አውቶቡስ ትሳፈራለች። አጠገቧ የተቀመጠው ፒተር ዋርን ነው፤ ገና አሁን ከሥራው የተባረረ፣ አፉ የማያርፍ ጋዜጠኛ። ማን እንደሆነች ሲደርስበት ውል ያቀርብላታል። እኔ ባልሽ ዘንድ አደርስሻለሁ፣ አንቺ ታሪክሽን ለእኔ ብቻ ትሰጪኛለሽ፤ እምቢ ካልሽ ለአባትሽ እነግራለሁ። የፍቅር ታሪክ በማስፈራሪያ ሲጀምር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲህ ኳሷ ታጠፈች።

መንገድ ላይ ዝናብ ይጥላል። ድልድዩን ጎርፍ ይወስደዋል። ገንዘባቸው የሚበቃው ለአንድ ክፍል ብቻ ስለሆነ ባልና ሚስት ነን ብለው የመንገደኞች ማደሪያ ይይዛሉ። ሁለት አልጋ አለ። ፒተር ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ይወጥርና በሁለቱ አልጋዎች መሃል ብርድ ልብስ ይሰቅላል። ስም ያወጣለታል፤ የኢያሪኮ ግንብ።

ይህን ቀልድ እኛ ጋ ማስረዳት አያስፈልግም። ኢያሱን፣ ካህናቱን፣ ቀንደ መለከቱንና ሰባተኛውን ቀን ሰንበት ትምህርት ቤት ደጅ የረገጠ ሁሉ ያውቃቸዋል። ፒተርም ኤሊን የሚያጽናናት በዚሁ ነው። ግንቡ የኢያሱን ያህል ባይወፍርም አስተማማኝ ነው፤ ምክንያቱም እሱ መለከት የለውም።

መብራቱ ይጠፋል። የዝናቡ ድምፅ ይሰማል። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ወሬ ነው። እኔ ለዘጠና ዓመት ያህል ይህን ፊልም ያቆየው ይህ ብርድ ልብስ ነው ባይ ነኝ። ሁለት ሰዎች እንዳይተያዩ ከልክላችሁ በአንድ ክፍል ብታስተኟቸው፣ የሚቀራቸው መስማት ነው። እሱ የእሷን ትንፋሽ ይሰማል፣ እሷ የእሱን። ኤሊ ስሙን እንኳ የምትጠይቀው ከግንቡ ማዶ ሆና ነው። እኛም ተመልካቾቹ አብረናቸው ጆሯችንን እንጥላለን። በነገራችን ላይ እነዚህ ሁለት ሰዎች በፊልሙ ውስጥ አንድም ጊዜ አይሳሳሙም። ገለባ ላይ ሲያድሩ አንድ ጊዜ ሊደርሱ ይደርሱና እሱ ራሱን ይመልሳል።

ጠዋት ላይ ያለውን ደግሞ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ቁርስ ላይ ፒተር ዶናት (የቦምቦሊኖ ዘመድ በሉት) ቡና ውስጥ እንዴት እንደሚነከር ያስተምራታል። ብዙ አታቆዪው፣ ይፈርሳል፤ ነከር አድርጎ ወደ አፍ ነው። ዳቦ ሻይ ውስጥ ነክሮ ያደገ ሰው ይህ እንዴት ትምህርት እንደሚሆን ይገርመዋል። ለሀብታም ልጅ ግን ትምህርት ነው።

ወዲያው አባትየው የላካቸው መርማሪዎች ክፍል ለክፍል እየዞሩ ይመጣሉ። መደበቂያ የለም። ሁለቱ ምንም ሳይመካከሩ ባልና ሚስት ሆነው መጣላት ይጀምራሉ። ሲጮህባት ትጮህበታለች፤ የድሮ ቂም ይመዛሉ፤ እሷ ታለቅሳለች። ከዚያች ቅምጥል ውስጥ አንዲት የቧንቧ ሠራተኛ ልጅ ወጥታለች። መርማሪዎቹ አፍረው ይወጣሉ። በሩ ሲዘጋ ሁለቱ ይስቃሉ፤ እሱ ጎንበስ ብሎ የሸሚዟን ቁልፍ ይቆልፍላታል። የተዋደዱት መቼ ነው ብትሉኝ እዚህ ጋ ነው። ፍቅር የሚያስመስል ብዙ ሰው አለ። የትዳር ጭቅጭቅን እንዲህ አሳምሮ የሚያስመስል ግን አንዱ የሌላውን አፍ ጠንቅቆ ማወቅ አለበት።

ዘመኑን ካላወቅን ግን ግማሹ ያመልጠናል። የ1929ኙ የአክሲዮን ገበያ ውድቀት አሜሪካን አንኮታኩቷታል። በ1933 ከአራት ሠራተኞች አንዱ ያህል ሥራ አልነበረውም። ትኬት ገዝቶ ሲኒማ የገባው ሰው ሀብታም ሴት አውቶቡስ ወንበር ላይ አንገቷ ተጣምሞ ስታንቀላፋ፣ ርቧት ጥሬ ካሮት ስትቆረጥም ማየት ደስ ይለዋል። ክፋት አይደለም፤ እኩል መሆን ነው። ደግሞ ፊልሙ ረሃቡን አይደብቅም። አውቶቡስ ውስጥ አንዲት እናት ምግብ ሳትቀምስ ቆይታ ራሷን ስትስት፣ ልጇ ያለቅሳል። እነዚህ ሁለቱ የቀራቸውን ብር ይሰጡታል። ከዚያ በኋላ ነው በእግር መሄድ፣ ገለባ ላይ ማደርና ሊፍት መለመን የሚመጣው።

የሊፍቱን ትዕይንት ፊልሙን ያላየም ሰምቶት ይሆናል። ፒተር በአውራ ጣት መኪና ማስቆም ጥበብ ነው ይልና ሦስት ዓይነት አሠራር እያሳየ ሌክቸር ይሰጣታል። መኪናው ሁሉ እያለፈው ይሄዳል። ኤሊ ተነስታ ቀሚሷን ከጉልበቷ ከፍ ታደርጋለች። ፍሬን ይጮሃል። ካፕራ በኋላ እንደተረከው ተዋናይዋ ክላውዴት ኮልበርት መጀመሪያ ይህን አልሠራም ብላ ነበር። ሌላ ሴት በእግሯ ልትተካት ስትመጣ አይታ ነው፣ ያ የእኔ እግር አይደለም ብላ የተነሳችው።

ኮልበርት በእርግጥ ፊልሙን ከነጭራሹ አልወደደችውም። ማይርና ሎይን ጨምሮ ሌሎች ተዋናዮች እምቢ ካሉ በኋላ፣ በአራት ሳምንት እንዲያልቅና 50,000 ዶላር እንዲከፈላት ተደራድራ ነው የገባችው። ፒተርን የሠራው ክላርክ ጌብልም በራሱ ምርጫ አልመጣም። የቀጠረው ትልቁ ስቱዲዮ ኤምጂኤም፣ ያኔ እንደ ትንሽ ይታይ ለነበረው ለኮሎምቢያ አውሶት ነው። ማንም ያልፈለገው ሥራ በ1935ቱ ኦስካር ምርጥ ፊልም፣ ዳይሬክተር፣ ተዋናይ፣ ተዋናይትና ድርሰት፣ አምስቱንም ዋና ሽልማቶች ጠራርጎ ወሰደ። ያን ያደረገ የመጀመሪያው ፊልም ነው። ኮልበርት አላሸንፍም ብላ ባቡር ልትሳፈር ጣቢያ ሄዳ ነበር። ከዚያ ጎትተው አመጧትና በመንገድ ልብሷ ተቀበለች።

ሁሉም ነገር አምሮበታል ማለቴ አይደለም። አባትየው መጀመሪያ ላይ ልጁን በጥፊ ይላታል። ፒተርም ይህቺን ሴት በየቀኑ የሚመታት ወንድ ነው የሚያስፈልጋት የሚል ወሬ ይወጣዋል። ያኔ አዳራሹ ስቆ ይሆናል። ዛሬ ከታናሽ እህቴ ጋር ቁጭ ብዬ ሳየው ሁለታችንም ዝም አልን። ፊልሙን መውደድና ያን ቦታ መጥላት አብሮ ይሄዳል።

ዘውጉ ከዚህ በኋላ ለምን በረታ? አንዱ ምክንያት ሳንሱር ነው። የሆሊውድ የሥነ ምግባር ደንብ ከ1930 ጀምሮ ወረቀት ላይ ነበር። በጥብቅ የተተገበረው ግን ፊልሙ ከወጣ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ከጁላይ 1934 ጀምሮ ነው። አልጋ ማሳየት፣ ረጅም መሳሳም፣ ይሄ ሁሉ ችግር ሆነ። ደራሲዎቹ ያንን ብርድ ልብስ በየፊልማቸው ሰቀሉት ማለት ይቻላል፤ ሰውነት ያልተፈቀደለትን ምላስ እንዲሠራው። በ1938 ኬሪ ግራንትና ካትሪን ሄፕበርን ነብር እያሳደዱ ተጨቃጨቁ። በ1940 ደግሞ “ሂዝ ገርል ፍራይዴይ” ላይ ተዋናዮቹ እየተሻሙ ስለሚናገሩ ትንፋሽ ያጥራችኋል።

ምናልባት ታሪኩን ሳታውቁት አይታችሁት ይሆናል። ህንዶች በ1956 “ቾሪ ቾሪ” ብለው በራጅ ካፑርና በናርጊስ፣ በ1991 ደግሞ “ዲል ሄ ኬ ማንታ ናሂን” ብለው በአሚር ካንና በፑጃ ባት ሠርተውታል። የህንድ ፊልም ስናይ ላደግን ሰዎች ኤሊና ፒተር በዘፈን ታጅበው ቀድመው ደርሰውን ነበር። እኔ የኋለኛውን ቪዲዮ ቤት ነው ያየሁት። ዋናውን ካየሁ በኋላ ነው፣ እንዴ ይሄንንማ አውቀዋለሁ ያልኩት።

መጨረሻውን መናገር ነውር ነው ይባላል። ዘጠና ዓመት ግን በቂ ማስጠንቀቂያ ነው። ባለመግባባት ሁለቱ ይለያያሉ። ኤሊ ከአብራሪዋ ጋር ዳግም በታላቅ ሰርግ ልትጋባ ትዘጋጃለች። አባትየው ልጁን ላገኘለት 10,000 ዶላር ሊሰጥ ቃል ገብቷል። ፒተር ይመጣል። ሽልማቱን አይፈልግም። መንገድ ላይ ያወጣሁት ብሎ የሚጠይቀው 39 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነው። ሽማግሌው ልጄን ትወዳታለህ ወይ እያለ ያፋጥጠዋል። ፒተር በንዴት አዎ ይላል፤ ግን እንዳትፈርድብኝ፣ እኔም ትንሽ ነካ ያደርገኛል። በእንግሊዝኛው ያላት ቃል የስክሩቦል የቅርብ ዘመድ ናት። የፊልሙ ዘውግ ስም ሳይወጣለት ፒተር ቀድሞ ራሱን ጠራበት።

አባትየው ሙሽራዋን ክንዷን ይዞ ወደ መሠዊያው ሲወስዳት መኪና በስተኋላ ቆሞ እየጠበቀሽ ነው ብሎ ያንሾካሹክላታል። ኤሊ ቬሏን እያንዘረፈፈች ትሮጣለች። ከዚያ በኋላ ሁለቱንም አናያቸውም።

የምናየው ቴሌግራም ነው። ፒተር ለአባትየው የላከው፤ የፊተኛው ጋብቻ መፍረስ ምነው ዘገየ፣ የኢያሪኮ ግንብ እየተንገዳገደ ነው ይላል። ይፍረስ ይላል ሽማግሌው። ቀጥሎ አንድ የመንገደኞች ማደሪያ፣ ሌሊት። ባለቤቶቹ ባልና ሚስት ደጅ ቆመው ያወራሉ። አዲሶቹ ሙሽሮች ገመድና ብርድ ልብስ አምጡ ማለታቸው ግራ አጋብቷቸዋል። ደግሞ የልጆች መለከት ምን ሊያደርግላቸው ነው? በዚህ መሃል ከክፍሉ ውስጥ የመለከት ድምፅ ይሰማል። ብርድ ልብሱ መሬት ላይ ይወድቃል። መብራቱም ይጠፋል።