ከሙያ ምዝገባ ነፃ መሆን ምንድን ነው?

የጤና ሙያ ሕጎች አብዛኛውን ጊዜ በክልከላ ይጀምራሉ፦ ስሙ በባለሙያዎች መዝገብ ያልሰፈረና የሥራ ፈቃድ ያልያዘ ሰው ሙያውን አይሠራም፣ በሙያው መጠሪያም አይጠቀምም። ትንሽ ወረድ ሲል ደግሞ «ከላይ የተደነገገው ቢኖርም» ብሎ የሚነሳ አንቀጽ ይገኛል። ከምዝገባ ነፃ መሆን የሚባለው ይህ አንቀጽ የሚከፍተው በር ነው። ያልተመዘገበ ሰው አንድን የታወቀ ሥራ፣ በታወቀ ቦታ፣ ለታወቀ ጊዜ ቢሠራ ሕግ እንደጣሰ አይቆጠርም።

ትልቁ ስህተት የሚመጣው ነፃ የወጣው ሰውየው ነው ብሎ ከማሰብ ነው። አንቀጹ ነፃ የሚያወጣው ሥራውን ነው። በዘመቻ ጣቢያ ክትባት የሚሰጥ ሠልጣኝ ከለላ አለው። ያው ሰው ማታ ለታመመ ጎረቤቱ አንቲባዮቲክ ቢወጋ ግን ያለ ፈቃድ ሙያ በመሥራት ይጠየቃል። የእጁ ሙያ አልተለወጠም፤ ከለላው ግን ከጣቢያው አልፎ አልተከተለውም።

የኅብረተሰብ ጤና ሠራተኞች ይህ ጉዳይ ደጋግሞ የሚገጥማቸው ምክንያት አለው። የምዝገባ ሕግ የተቀረጸው አንድ ሐኪምና አንድ ታካሚን እያሰበ ነው። የውኃ ናሙና የሚወስደው፣ የወረርሽኝ መረጃ የሚተነትነው፣ ቤት ለቤት እየዞረ ስለ አመጋገብ የሚያስተምረው ሠራተኛ በዚያ ሥዕል ውስጥ የለም። የሕጉ ትርጓሜ ግን «የጤና ምክር መስጠት» ወይም «በሽታን መለየት» ብሎ ሰፋ አድርጎ ከጻፈ፣ የአመጋገብ አስተማሪዋ ሳይታሰብ መረቡ ውስጥ ትገባለች። ስለዚህ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንዱ ሕጉ ከመነሻው የማይመለከተው ሥራ ነው፤ ለምሳሌ የቁጥር ትንተና። ሌላው ሕጉ የሚመለከተው፣ ግን በልዩ አንቀጽ የተወው ሥራ ነው። በሁለተኛው ጊዜ አንቀጹ ያስቀመጣቸው ሁኔታዎች መሟላታቸውን በሰነድ ማሳየት መቻል ያስፈልጋል።

በየአገሩ ከሚታዩት ዓይነቶች የተለመደው የመንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት ሠራተኛ በመደበኛ ተግባሩ ላይ ሳለ የሚያገኘው ነው። ወጥመዱ «ሠራተኛ» የሚለው ቃል ነው። በአማካሪ ድርጅት ወይም በሌላ አቅራቢ በኩል በውል የመጣ ሰው ጠረጴዛው አንድ ቢሆንም በሕጉ ትርጉም ሠራተኛ ላይሆን ይችላል። ተማሪዎችና ተለማማጆችም በተመዘገበ ባለሙያ ቁጥጥር ሥር ሲሠሩ ይካተታሉ።

ድንበር ተሻግሮ ለጊዜው የሚሠራ ባለሙያ ሌላው ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው የሙያ ብቃት ዕውቅና መመሪያ በአንቀጽ 6 ላይ እንዲህ ያለውን ባለሙያ በተቀባዩ አገር የሙያ አካል ዘንድ ከመመዝገብ ግዴታ ነፃ ያደርገዋል። አንቀጽ 7 ግን አገሮች አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያሳውቅና በዓመት አንዴ እንዲያድስ ሊጠይቁት እንደሚችሉ ይገልጻል። የተቀባዩ አገር የሙያ ዲሲፕሊን ደንብም ይገዛዋል። ከመዝገብ ነፃ የሆነ ሰው ከተጠያቂነት ነፃ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

በአደጋ ጊዜ ደግሞ በሩ ሰፋ ይላል። የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1996 ባጸደቀው የክፍለ ግዛቶች መረዳጃ ስምምነት መሠረት፣ በአንዱ ክፍለ ግዛት የተሰጠ ፈቃድ እርዳታ በጠየቀው ክፍለ ግዛት ውስጥም እንደተሰጠ ይቆጠራል፤ የጠያቂው ገዥ ገደብ ሊያስቀምጥ ይችላል። ቁልፉ «እርዳታ በጠየቀው» የሚለው ነው። ማንም ሳይጠራው በራሱ ፈቃድ የሄደ በጎ ፈቃደኛ በዚህ አይሸፈንም። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ፈቃዳቸው ካበቃ 5 ዓመት ያላለፋቸው ሐኪሞችና ነርሶች የኮቪድ-19 ክትባት እንዲሰጡ ሲፈቀድ፣ ሥልጠና እንዲወስዱና በሥራ ላይ ያለ ባለሙያ ቆሞ እያያቸው እንዲጀምሩ ተጠይቀዋል።

ይህን ከጊዜያዊ ምዝገባ ጋር ማምታታት አይገባም። የብሪታንያ የነርሶችና የአዋላጆች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ጊዜያዊ መዝገብ ሲከፍት፣ የገቡበት ሰዎች ተመዝጋቢዎች ነበሩ፤ ምክር ቤቱም ከመዝገቡ ሊያወጣቸው ይችል ነበር። ነፃ የተደረገ ሰው ግን በሚሠራበት ቦታ የሙያ መዝገብ ውስጥ የለም። ታካሚ ስሙን ፈልጎ አያገኘውም፣ ቅሬታ ቢኖረውም የሚሄደው ወደ ቀጣሪው ነው። ስለዚህ ቀጣሪው የራሱ መዝገብ ከሌለው ማን ምን እንደሠራ የሚያውቅ አይኖርም።

የመጨረሻው ዓይነት ጠባብ ሥራ ለሠለጠነ የማኅበረሰብ ሠራተኛ መስጠት ነው። ይህ የሚሳካው ሥራው ራሱ ጠባብ ሲሆን ነው። ፈንጣጣን ለማጥፋት በተደረገው ዘመቻ ባለሁለት ጫፍ መርፌው ትክክለኛውን የክትባት መጠን በሹካው መካከል ይይዝ ስለነበር፣ ክትባት ሰጪው ቆዳውን በአንድ ቦታ ላይ 15 ጊዜ በፍጥነት መውጋት ብቻ ነበረበት። በአጭር ሥልጠና የሚያዝ፣ ጠባሳውን አይቶ የሚረጋገጥ ሥራ ነበር። ማመዛዘን የሚጠይቅ ሥራ ግን፣ ለምሳሌ ከብዙ ሕመሞች መካከል የትኛው እንደሆነ መለየት፣ በዚህ መንገድ ሲሰጥ ይበላሻል።

በተግባር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመድኃኒት ሕግ ነው። ከሙያ ምዝገባ ነፃ መሆን ከመድኃኒት ሕግ ነፃ አያደርግም፤ ሁለቱ የተለያዩ ሕጎች ናቸው። ክትባት በብዙ አገር ያለ ትእዛዝ የማይሰጥ መድኃኒት ስለሆነ፣ ሥልጣን ባለው ባለሙያ የተፈረመ የጽሑፍ ትእዛዝ ያስፈልጋል። ትእዛዙ ለማን እንደሚሰጥና ለማን እንደማይሰጥ፣ መጠኑን፣ የሚወጋበትን የሰውነት ክፍልና የሚያበቃበትን ቀን ይዘረዝራል። ክትባቱን ጠቅሶ አድሬናሊንን የረሳ ትእዛዝ አደገኛ ነው። ከክትባት በኋላ ከባድ የአለርጂ ምላሽ ቢነሳ፣ አዋቂ ሰው 0.5 ሚሊ ግራም አድሬናሊን በጭኑ የፊትና የጎን ጡንቻ ላይ ወዲያውኑ መወጋት አለበት። ክትባቱን የመስጠት ፈቃድ ያለው፣ አድሬናሊኑን የመስጠት ፈቃድ የሌለው ሠራተኛ በጣቢያ ብቻውን መተው የለበትም።

የኢንሹራንስ ጉዳይም አለ። አንዳንድ ውሎች «የተመዘገበ ባለሙያ» ብቻ ይሸፍናሉ፤ በሕግ ነፃ የሆነ ሠራተኛ በውሉ ያልተሸፈነ ሊሆን ይችላል። የኢንሹራንስ ድርጅቱን አስቀድሞ በጽሑፍ ጠይቆ መልሱን ፋይል ውስጥ ማስቀመጥ ይሻላል። የሙያ መጠሪያም ሌላ ነው፦ ሥራው ተፈቅዶ መጠሪያው ሊከለከል ይችላል። በደረት ባጅ ላይ «ነርስ» ሳይሆን «ክትባት ሰጪ» ተብሎ ይጻፍ።

አንድ ሠራተኛ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በአንድ ገጽ ላይ መሥፈር ያለበት ይህ ነው፦ የሚመሠረትበት አንቀጽ ቁጥር፣ የተፈቀዱት ተግባራት አንድ በአንድ፣ ቦታው፣ የተቆጣጣሪው ስምና የምዝገባ ቁጥር፣ የሥልጠናው ቀን፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን። ከሌላ ቦታ ፈቃድ አለኝ የሚል ሰው ከሆነ ፎቶኮፒውን መቀበል አይበቃም፤ ቁጥሩ ከሰጪው አካል መዝገብ ላይ ይረጋገጥ፣ ስሙም ከመታወቂያው ጋር ይመሳከር። ተቆጣጣሪው በስም ብቻ የተጻፈ እንዳይሆን፣ ቢያንስ በስልክ በየትኛው ሰዓት እንደሚገኝ አብሮ ይጻፍ።

የማብቂያው ቀን ሁልጊዜ ያስቸግራል። የአደጋ ጊዜ አዋጅ ሲነሳ ከለላውም በዚያው ቀን ሊነሳ ይችላል፣ ሥራው ግን በልማድ ይቀጥላል። ስለዚህ አዋጁን የሚከታተል አንድ ሰው ይመደብ። ማብቂያው 30 ቀን ሲቀረው ሠራተኞቹ ይነገራቸው፤ መቀጠል የሚፈልጉት በመደበኛው መንገድ ለምዝገባ ያመልክቱ። በመጨረሻው ቀን ባጁ፣ የቀረው ክትባትና የታካሚዎች መዝገብ በቆጠራ ተፈርሞ ይመለሳል።