የእግዚአብሔር ዓላማ ለእኔ ምንድን ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በምርቃት ሰሞን ጎንደር ጋዋን በለበሱ ልጆች ትሞላለች። ከነቤተሰባቸው ፋሲል ግቢ አካባቢ ፎቶ ይነሳሉ፣ ፒያሳ ላይ እልልታው ይቀልጣል። ጥቂት ወራት አለፍ ሲሉ ግን ከእነዚሁ ልጆች ብዙዎቹ ሥራ ፈልገው ደክሟቸው፣ ከጉባኤ በኋላ ቀረት ብለው አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ «እግዚአብሔር ለምን ዓላማ ነው የፈጠረኝ? እንዴት ልወቀው?»

ጥያቄውን እወደዋለሁ። አብሮት የሚመጣው ጭንቀት ግን ያሳዝነኛል። እንቅልፍ የሚያጡ አሉ። ከቤት መውጣት ያስጠላቸው አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጭንቀቱን የሚያባብሱት ስለ ጉዳዩ ስንሰማቸው ያደግናቸው አመለካከቶች ናቸው። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ዓላማዬ ምስጢር ነው፤ ገና አልተገለጠልኝም»

እግዚአብሔር የእያንዳንዳችንን ዕቅድ በታሸገ ፖስታ ውስጥ ደብቆ፣ ፈልገን እስክናገኘው ዝም ብሎ የሚያየን ይመስለናል። ካላገኘነው ሕይወታችን በከንቱ የሚያልቅ ይመስለናል። አባት ልጁን እንዲህ አያስጨንቅም።

ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ ሁሉ «ሰው ለምን ተፈጠረ?» ሲባል የሚመልሰውን ያውቃል፦ ስሙን ለመቀደስ፣ ክብሩን ለመውረስ። በልጅነታችን በቃላችን ይዘነዋል። ካደግን በኋላ ግን የልጆች ትምህርት አስመስለን ወደ ጎን እናደርገውና ሌላ፣ ለእኛ ብቻ የተጻፈ መልስ ፍለጋ እንወጣለን። እኔ ግን ከዚህ የሚበልጥ መልስ አለ ብዬ አላምንም።

መጽሐፍ ቅዱስም ቢሆን ፈቃዱን አልደበቀም። ነቢዩ ሚክያስ «ሰው ሆይ፥ መልካሙን ነግሮሃል» ብሎ ይጀምርና ፍርድን ማድረግ፣ ምሕረትን መውደድ፣ ከአምላክ ጋር በትሕትና መሄድ ብሎ ይዘረዝራል (6፥8)። ቅዱስ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የእግዚአብሔር ፈቃድ መቀደሳቸው እንደሆነ በግልጽ ጽፏል (1ኛ ተሰ. 4፥3)። በዚያው ደብዳቤ በሁሉ አመስግኑ፣ ይህ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ይላል (5፥18)። ማን ነጋዴ ይሁን፣ ማን ገበሬ ይሁን የሚል ግን የለበትም።

ስለዚህ አንድ ልጅ «ባንክ ልግባ ወይስ ማስተርስ ልቀጥል?» ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው። የተበደርከውን መልሰሃል? ከወንድምህ ጋር ታርቀሃል? እናትህ ስትደውል ታነሳለህ? ጥያቄውን የሸሸሁ የሚመስላቸው አሉ። አልሸሸሁም። የተነገረንን ፈቃድ ትተን ያልተነገረንን ብንጠይቅ ቅደም ተከተሉ ይዛባል። ሥራ መምረጥ ቀላል ነገር ነው እያልኩ አይደለም፤ ጸሎትም ምክርም ይፈልጋል። ግን ባንክ የገባውም፣ ማስተርስ የቀጠለውም ስሙን ሊቀድስ ይችላል። አንዳንድ ጊዜ እግዚአብሔር ሁለቱንም ይባርካል፤ መምረጡን ደግሞ ለሰጠን አእምሮ ይተወዋል።

«ጥሪ ያላቸው ካህናትና መነኮሳት ናቸው»

አርባ አራቱ ታቦት በሚባልባት ከተማ፣ አቋቋም (የማኅሌት ዜማና ሽብሸባ) ሊማሩ ከየአገሩ ወደ በአታ ቤተ ክርስቲያን በሚመጡባት ጎንደር፣ አንድ ልብስ ሰፊ «እኔ ደግሞ ምን ጥሪ አለኝ?» ቢል አይፈረድበትም። ክህነትም ምንኩስናም ትልቅ ጥሪ ነው፤ ከዚያ ላይ አንዲት አልቀንስም። ግን ጥሪው በዚያ አያበቃም።

ሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3ን አንብቡ። መጥምቁ ዮሐንስ በበረሃ ሲሰብክ ቀራጮች መጥተው «ምን እናድርግ?» አሉት። ጭፍሮችም ይህንኑ ጠየቁት። የግመል ጠጉር ለብሶ አንበጣና የበረሃ ማር እየበላ የሚኖር ሰው «ሥራችሁን ትታችሁ እንደ እኔ በረሃ ግቡ» ይላቸዋል ብላችሁ ብትጠብቁ አይገርምም። አላለም። ቀራጮቹን ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ አላቸው። ወታደሮቹን ግፍ አትሥሩ፣ በሐሰት አትክሰሱ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው። ጉቦ የማይቀበል የገቢዎች ሠራተኛ፣ ደካማውን የማይገፋ ፖሊስ፣ ከዮሐንስ አፍ የወጣ ጥሪ አላቸው ማለት ነው።

ለልብስ ሰፊው ደግሞ ጣቢታ አለችለት። ኢዮጴ ላይ ስትሞት መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት የሰፋችላቸውን ቀሚስና ልብስ ነበር (ሐዋ. 9፥39)። ከሞት ተነሥታ ወደ እነዚያው መበለቶች ተመለሰች። ባስልኤልም አለ። ለመገናኛው ድንኳን ወርቅ፣ ድንጋይና እንጨት እንዲሠራ የተመረጠ ባለሙያ ነው፤ እግዚአብሔር መንፈሴን ሞላሁበት ያለው ለእጅ ሥራ ነው (ዘጸ. 31)። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ቀና ስትሉ ከጣሪያው የሚያዩዋችሁን እነዚያን የመላእክት ፊቶች አስቡ። እዚያ ቆሞ የቀደሰ ካህን አገልግሏል። ቀለም በጥብጦ አንገቱን ወደ ላይ አቅንቶ የሣለውም አገልግሏል።

የማውቃቸው አንዲት እናት አሉ። ጠዋት ጠዋት የቆሎ ተማሪዎች አኩፋዳቸውን አንግተው በሰፈሩ ሲዞሩ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለውን ድምፅ ከሩቅ ይለያሉ። መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ውሻቸውን ማሰር ነው። ከዚያ ከማታው እንጀራ የደበቁትን ይዘው ይወጣሉ። «የደበቁትን» ያልኩት ከልጅ ልጆቻቸው ስለሚደብቁት ነው። ማንበብ አይችሉም። ሳይቆርሱለት ያለፈ ተማሪ ካለ ግን ቀኑን ሙሉ ይቆጫሉ። ነገ ከእነዚህ ልጆች አንዱ መሪጌታ ሆኖ ሲያመሰግን፣ በምስጋናው ውስጥ የእሳቸው ቁራሽ አለ። ጥሪ የላቸውም የሚል ካለ ይምጣና ይንገራቸው።

«ዓላማውን ካገኘሁ ሁሉ ነገር ይቀናኛል»

ኤርምያስ 29፥11ን የማያውቅ የለም። «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ፤ ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም» የሚለው ነው። ባጃጅ መስታወት ላይ ይለጠፋል፣ የምርቃት ካርድ ላይ ይጻፋል። ቃሉ እውነት ነው። ግን ከላዩ ያለውን ቁጥር 10ን ስንቶቻችን አንብበናል?

ይህ ቃል የተላከው ተማርከው ባቢሎን ለወረዱ ሰዎች በደብዳቤ ነው። ቁጥር 10 ወደ አገራችሁ የምትመለሱት 70 ዓመት ሲፈጸም ነው ይላል። ደብዳቤው ሲነበብ የሰሙት አብዛኞቹ ተስፋውን ሳያዩ እዚያው ባዕድ አገር ነው የሚሞቱት። አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ብትመለሱ ደግሞ ሐናንያ የሚባል ነቢይ ታገኛላችሁ። እሱ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል ብሎ ሰበከ። ከ70 ዓመት ይልቅ 2 ዓመት መስማት ማን ይጠላል? ግን እግዚአብሔር አልላከውም ነበር። ዛሬም «በዚህ ዓመት በርህ ይከፈታል፣ የናቁህ ያፍራሉ» የሚል ስብከት ሲሰማ ደስ ይላል። ደስ ማለቱ እውነት አያደርገውም።

ታዲያ እነዚያ ምርኮኞች በ70 ዓመቱ ውስጥ ምን አድርጉ ተባሉ? ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ተጋቡ፣ ልጅ ውለዱ። ቁጥር 7 ደግሞ የምትኖሩባትን ከተማ ሰላም ፈልጉ፣ ስለ እርስዋም ጸልዩ፣ በእርስዋ ሰላም ሰላም ይሆንላችኋልና ይላል። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። እኛም የተኩስ ድምፅ ሰምተን ያደርንባቸው ሌሊቶች አሉ። መንገድ ተዘግቶ የቀረ ዘመድ፣ የተቋረጠ ትምህርት፣ የተራዘመ ሠርግ አለ። ብዙ ልጅ «ሕይወቴ የሚጀምረው ከዚህ ስወጣ ነው» ይላል። አልፈርድበትም፣ የሚወጣም ይውጣ። ነገር ግን በዚህ መካከል ችግኝ የሚተክል፣ ጎረቤቱን የሚያስታርቅ፣ ሰባት ስምንት ሆነው የሚመጡለትን የሰፈር ልጆች ፊደል የሚያስቆጥር ሰው በእግዚአብሔር ዓላማ መካከል ነው ያለው። ተስፋው የተነገረበት ደብዳቤ ራሱ ይህንን ነው ያዘዘው።

ጳውሎስንም ተመልከቱ። በራእይ «ወደ መቄዶንያ ተሻገር» ተብሎ ሄደ። ፊልጵስዩስ ሲደርስ ተገረፈ፣ እግሩን በግንድ ተጠርቆ ታሰረ (ሐዋ. 16)። ዮሴፍ በ17 ዓመቱ ሕልም አይቶ በፈርዖን ፊት የቆመው በ30 ዓመቱ ነው። በመካከል ጉድጓድ፣ ባርነት፣ እስር ቤት አለ። መንገዱ መክበዱ ብቻውን መንገድ መሳታችንን አያሳይም።

«ምልክት እስኪሰጠኝ እጠብቃለሁ»

እዚህ ላይ የሚጠቀሰው ጌዴዎን ነው። ግን ጌዴዎን የበግ ጠጉር አውድማ ላይ አኑሮ ምልክት የጠየቀው ምን እንደሚያደርግ ከተነገረው በኋላ ነው። የፈራው አለማወቁን አልነበረም። እኛም ብዙ ጊዜ ምልክት የምንጠይቀው እያወቅን ስንፈራ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ዓይን ጨፍኖ ከፍቶ ጣት ያረፈበትን ጥቅስ መልስ ማድረግም አለ፤ ይህ ቃሉን እንደ ዕጣ መቁጠር ነው፣ ባይለመድ እመርጣለሁ። «ራእይህን አይቼልሃለሁ» ብሎ ብር የሚቀበል ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ ሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ጴጥሮስ ለሲሞን የመለሰለትን አንብባችሁ ተመለሱ።

«እግዚአብሔር ያለው ይሆናል» የእምነት ቃል ነው። ቁጭ ብሎ ለመዋል ሰበብ ሲሆን ግን ሌላ ነው። ነህምያ በንጉሡ ፊት ቆሞ በልቡ ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ፤ ወዲያውም የይለፍ ደብዳቤና እንጨት እንዲሰጠው ንጉሡን ጠየቀ (ነህ. 2)። ሱባኤ መያዝ ጥሩ ነው። ከሱባኤው በኋላ ሲቪውን ማስገባትም አለ።

«እኔ አልፎኛል»

ይሄ ልቤን ይነካዋል። በ2015 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ተማሪ 97ቱ ማለት ይቻላል ወደቀ። በዚያ ሰሞን «እግዚአብሔር ለእኔ ያሰበው ነገር አበቃ» ያሉኝ ልጆች ነበሩ። 97ቱን ከዓላማው የሚያወጣ ፈተና ግን የለም። ፈተና የሚመዝነው ፈተናን ነው።

ዕድሜያቸው የገፋም፣ በትዳራቸው የተጎዱም፣ ወጣትነታቸውን በሱስ የጨረሱም ይህንኑ ይላሉ። ሙሴ ሰው ገድሎ ሸሽቶ 40 ዓመት ምድያም በግ ጠበቀ፤ በፈርዖን ፊት ሲቆም 80 ዓመቱ ነበር። በየዓመቱ ጾመ ነነዌን ስንጾም የምንሰማውን ዮናስንም አስቡ። ተልኮ እምቢ ብሎ በተቃራኒ አቅጣጫ መርከብ ተሳፈረ። ምዕራፍ 3 የሚጀምረው ግን የእግዚአብሔር ቃል ሁለተኛ ጊዜ ወደ ዮናስ መጣ ብሎ ነው። ያው ሰው፣ ያው ነነዌ። ጴጥሮስም ሦስት ጊዜ ከካደ በኋላ ነው ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» የተባለውና በጎቹን የተረከበው።

«ፈቃዱ ሁልጊዜ ከምወደው ነገር ተቃራኒ ነው»

አይደለም። ሥዕል የምትወድን ልጅ ያንን ፍቅር ማን ሰጣት? መስቀል መሸከም አለ፣ ራስን መካድም አለ። ግን የወደዱትን ሁሉ ኃጢአት አድርጎ መጠርጠር ስጦታውን ሰጪው ላይ መመለስ ነው።

«ጉዳዩ በእኔና በእግዚአብሔር መካከል ብቻ ነው»

ጳውሎስ ደማስቆ መንገድ ላይ ክርስቶስን ራሱን ሰምቷል። ያኔ እንኳ የተነገረው ወደ ከተማ ግባ፣ የምታደርገውን ይነግሩሃል የሚል ነው። ከዚያ ሐናንያ የሚባል ደቀ መዝሙር ተላከለት። ብላቴናው ሳሙኤል የእግዚአብሔርን ድምፅ ሰምቶ ማን እንደጠራው አላወቀም፤ የነገረው ዓይኑ የፈዘዘው ሽማግሌው ዔሊ ነው። ሌላ ሰው ስለ እኛ የሚያየውን እኛ አናይም። «አንተ ስታስረዳ ልጆች ይሰሙሃል» የሚለውን ብዙ ጊዜ የምንሰማው ከጓደኛ ነው።

የንስሐ አባት ያላችሁ ይህን ጥያቄ ይዛችሁላቸው ሂዱ። የሌላችሁ ደግሞ በበዓል ግርግር መካከል አባቶችን አትያዙ። በአዘቦት ቀን ከቅዳሴ በኋላ ቀረብ ብላችሁ «ይፍቱኝ አባ፣ ምክር ፈልጌ ነው» በሉ። ሁለት ምርጫ ካላችሁ ሁለቱንም ተናገሩ፤ የምትፈሩትንም፣ የምታፍሩበትንም ጨምሩ። የምትፈልጉትን መልስ እንዲሰጧችሁ ታሪኩን አታሳጥሩባቸው። «እስቲ እንጸልይበት» ብለው ቀን ከቀጠሩላችሁም፣ በቀኑ ተመለሱ።