የአየር ከረጢት ምንድን ነው?

«ሳንባዋን ብርድ መትቶት ነው። በፎጣ ጥብቅ አድርገሽ ጠቅልያት፣ ደረቷን አሸት አሸት አድርጊላት፣ በእንፋሎት አጥኛት።» ምንቃሯን ከፍታ ለምትተነፍስ ዶሮ የተሰጠ ምክር ነው። ሰጪው ክፉ አላሰበም። ግን ይሄንኑ ምክር ስንቴ አየሁት! ዛሬ ዝም ማለት አቃተኝ።

ሦስቱም ምክሮች ዶሮን ላባ ያበቀለች ትንሽ ሰው ያደርጓታል። አይደለችም። ሳንባዋ ከጎድን አጥንቶቿ ጋር ተጣብቆ የሚኖር፣ እዚህ ግባ የሚባል መለጠጥ የማያውቅ አካል ነው። እኛን የሚያስተነፍሰን ድያፍራም እሷ ዘንድ የለም። አየሩን ስቦ የሚያስገባውና ገፍቶ የሚያስወጣው ሌላ ነው፤ የአየር ከረጢት።

የአየር ከረጢቶች ብርሃን የሚያሳልፉ ስስ ነገሮች ናቸው። ከአንገት ይጀምራሉ፣ ደረት ውስጥ ይሰራጫሉ፣ ሆድ ውስጥ ገብተው በአንጀቱ መሃል ይዘልቃሉ። አንዱማ እስከ ክንፍ አጥንት ድረስ ይገባል። አብዛኞቹ ወፎች 9 አሏቸው። ዶሮ ላይ ግን የአንገቶቹ ስለተዋሃዱ 8 ብለን የምንቆጥር አለን፤ በዚህ ከባልደረቦቼ ጋር አልጨቃጨቅም። ዋናው ነገር፣ በከረጢቶቹ ግድግዳ በኩል ወደ ደም የሚያልፍ ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል። እሱ የሳንባ ሥራ ነው። የነሱ ሥራ መንፋት ነው።

የብረት ቀጥቃጭ ወናፍ አስቡ። ሁለት የቆዳ ከረጢት ነው። አንዱ ሲሞላ ሌላው ይነፋል፣ እሳቱ ንፋስ አያጣም። ከሰሉ ግን ካለበት አይነቃነቅም። የዶሮ ሳንባ ከሰሉ ነው፣ የአየር ከረጢቶቹ ወናፉ። የቀጥቃጩን እጅ ቦታ የያዙት ፍርምባዋና ጎድኖቿ ናቸው። ፍርምባዋ ወደ ታችና ወደ ፊት ሲል ወናፉ ይሞላል፣ ሲመለስ ይነፋል።

አንዴ የሳበችው አየር ተመልሶ እስኪወጣ ሁለት ትንፋሽ ይፈጃል። መጀመሪያ ስትስብ አብዛኛው ወደ ኋለኞቹ ከረጢቶች ይሄዳል። ስታስወጣ ከዚያ ተነስቶ በሳንባዋ ያልፋል። ሁለተኛ ስትስብ ከሳንባ ወደ ፊተኞቹ ከረጢቶች ይገባል፣ ሁለተኛ ስታስወጣ ወደ ውጭ ይሄዳል። ስለዚህ አየር በሳንባዋ በኩል የሚያልፈው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። እያስወጣችም ቢሆን ሳንባዋ ንጹህ አየር እያገኘ ነው። ምሳሌዬ እዚህ ላይ ትንሽ ይሰነጠቃል፤ ቀጥቃጭ ቤት ከእሳቱ ማዶ ሌላ ወናፍ የለምና።

ይሄ ብቃት ጦስም አለው። መጥፎ አየርም ቶሎ ይደርሳታል። በብሪታንያ የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች ውስጥ እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ድረስ ካናሪ የምትባለውን ትንሽ ወፍ ይዘው ይወርዱ የነበረው ለዚሁ ነው። የታመመች ዶሮ ቤት ካስገባችሁ ከማድ ቤት አርቋት። ምግብ እንዳይዝ የተቀባ መጥበሻ ከልክ በላይ ሲግል የሚወጣው ጋዝ ወፍ ይገድላል።

አሁን ወደ ፎጣው እንመለስ። ጥብቅ አድርጎ መጠቅለል ማለት የቀጥቃጩን እጅ ማሰር ማለት ነው። አፍንጫዋ ክፍት ነው፣ ጉሮሮዋ ክፍት ነው፣ ግን ፍርምባዋ ካልተንቀሳቀሰ አየር አይገባም። ጤነኛዋ ዶሮ ትታገላችሁ ይሆናል። የደከመችው ግን ዝም ብላ እጃችሁ ላይ ታልፋለች፣ እናንተም «በሽታው ገደላት» ትላላችሁ። በጀርባዋ አስተኝቶ መመርመርም ያው ነው፤ የሆድ ዕቃዋ ከረጢቶቹ ላይ ይጫናል። ቀና እንዳለች፣ ከስር ደግፋችሁ፣ ክንፎቿን ብቻ ሳታጠብቁ ያዙ። ደረት ማሸት የሚባለውን እርሱት።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያበሳጨኝ ግን «ጉንፋን ነው» የሚለው ነው። ከረጢቶቹ ሆድ ውስጥ ይዘልቃሉ ብያለሁ፤ ትልልቆቹም እዚያ ናቸው። እንግዲህ ሆዷ ውሃ የቋጠረ፣ እንቁላል የተቀረቀረባት፣ የእንቁላል አስኳል ሆዷ ውስጥ ፈስሶ ያመረቀዘባት፣ ዕጢ ያበቀለች ወይም ከመጠን በላይ የሰባች ዶሮ ወናፏ መሙያ ቦታ ያጣል። ታለከልካለች። ንፍጥ የላት፣ ማስነጠስ የላት፣ ዓይኗ ጥርት ያለ። ሰዉ ግን ሳንባ ሳንባ ይላል። ከትንፋሿ በፊት ሆዷን ዳስሱ። ከኋላዋ ሆናችሁ መዳፋችሁን በእግሮቿ መሃል ከስር አስገቡ። ለስለስ ያለ ሆድ ደህና ነው። የተወጠረ፣ የከበደ ወይም ጠጣር ነገር ያለበት ከሆነ ችግሩ እዚያ ነው። ከመቼ ጀምሮ እንቁላል እንዳልጣለችም አስታውሱ።

ጅራቷንም እዩ። ቆጥ ላይ ሰፍራ ስታርፍ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ጅራቷ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ለመተንፈስ እየታገለች ነው። በሞቃት ቀን ክንፏን ከገላዋ አርቃ ምንቃሯን የምትከፍተው ግን ስለማያልባት ነው፤ ጥላና ውሃ ስጧት፣ ይበቃታል። አንገቷን ደጋግማ ወደ ላይ እየሰበቀች የምታዛጋ ከሆነ የአየር ቧንቧ ትል ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ የትል መድኃኒት ነው።

እንፋሎቱስ? የእንፋሎት ጠብታ ትልቅ ነው፤ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ወደ ከረጢቶቹ የሚዘልቀው ከ5 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ያነሰ ብናኝ ነው፤ እሱን የሚያወጣው ኔቡላይዘር፣ ፈሳሽን ወደ ስስ ጉም የሚቀይረው መሣሪያ ነው። ውሃው ላይ የምትጨምሩት መዓዛ ያለው ዘይት ደግሞ የተቆጣውን ጉሮሮ የባሰ ያስቆጣዋል።

ሌላው መካሪ «አሞክሳሲሊን ስጧት፣ የኔዋ በሦስት ቀን ድናለች» ይላል። ወዳጄ፣ አሞክሳሲሊን የሚሠራው የባክቴሪያን የሕዋስ ግድግዳ በማፍረስ ነው። ዶሮን በብዛት የሚያስነጥሰውና ከረጢቶቿን የሚያቆስለው ማይኮፕላዝማ የሚባል ባክቴሪያ ደግሞ ግድግዳ የሚባል ነገር የለውም። በምን ይፍረስ? ታይሎሲን ወይም ዶክሲሳይክሊን የሚባሉት ሌሎች አንቲባዮቲኮች ሊይዙት ይችላሉ፣ ግን ጋብ ያደርጉላታል እንጂ አይነቅሉትም። ተሸካሚ ሆና ትኖራለች፣ ስትደክም ያገረሽባታል፣ ለጫጩቶቿም በእንቁላሏ ታስተላልፋለች። በዚያ ላይ የከረጢቶቹ ግድግዳ የደም ስር ብዙም የለውም፤ መድኃኒት እንደልቡ አይደርስም። የወፍ መግል ደግሞ ፈሳሽ ሆኖ አይወጣም፣ እዚያው ይጠጥራል። ከረጢት ላይ የደረሰ በሽታ በሳምንት ካልዳነ ሐኪሙን አትውቀሱ።

ሻጋታም አለ። አስፐርጊለስ ይባላል። እርጥብ ጉዝጓዝ ወይም የሻገተ ድርቆሽ ላይ ያድርና ብናኙ ከረጢቷ ውስጥ ይበቅላል፤ ሙቀቱም አየሩም ተመችቶታል። አንቲባዮቲክ ለሱ ምኑም አይደለም። ስለዚህ ጉዝጓዙን በእጃችሁ ጭብጥ አድርጋችሁ አሽትቱት። ከረጠበ ወይም ሻጋታ ሻጋታ ከሸተተ አውጡት። ስታጎነብሱ ዓይናችሁን የሚያቃጥል ሽታ ካለ፣ እሷ ቀን ከሌት አፍንጫዋን እዚያ ከፍታ ላይ አድርጋ ነው የምትኖረው።

ሳልጠየቅ ሁለት ነገር ልጨምር። አንቲባዮቲክ ላይ ያለች ዶሮ የጣለችውን እንቁላል አትብሉ፤ ስንት ቀን እንደሚቆይ እንደ መድኃኒቱ ይለያያል፣ ሐኪሙን ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ብዙ ዶሮዎች ባንድ ጊዜ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ፊታቸው ካበጠ ወይም ድንገት ከሞቱ ይሄ ሁሉ ጽሑፍ አይመለከታችሁም። ፈንግል ወይም የወፍ ጉንፋን ሊሆን ይችላል፤ የሞቱትን በባዶ እጅ አትንኩ፣ የእንስሳት ጤና ባለሥልጣን ወዲያው ይወቅ።

እስከ ሐኪም ድረስ ያለው ሥራ ቀላል ነው። ለብቻዋ ለዩዋት፣ አቧራ በሌለበት፣ አየር በሚገባበትና ጸጥ ባለ ቦታ። ብርድ ካለ ሙቀት ስጧት፣ እያለከለከች ከሆነ ግን አታሙቋት። ውሃና ምግብ አንገቷን ሳትዘረጋ በምትደርስበት ያድርጉ። ውሃ በስሪንጅ ምንቃሯ ውስጥ አትጋቱ፤ የአየር መግቢያዋ ቀዳዳ ከምላሷ መሠረት ኋላ ነው፣ መክደኛም የለውም። የጋታችሁት ቀጥታ ወናፉ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሐኪም ጋ ስትወስዷት ቀዳዳ ባለው ካርቶን አድርጓት፣ አታቅፏት። ሐኪሙ ስለ ንፍጧ ብቻ ጠይቆ ዝም ካለ፣ ስለ ሆዷና መጨረሻ ስለጣለችው እንቁላል እናንተ ንገሩት።