ሲግናል ጀነሬተር ምንድን ነው? የልብ ሞኒተርን በጥቂት ዕቃ መፈተሽ

ፊት ለፊታችሁ አንድ የልብ ሞኒተር አለ እንበል። ስክሪኑ ላይ 60 የሚል ቁጥር ይታያል። ቁጥሩ ልክ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ሰው ላይ አስሮ ማየት መልስ አይሆንም። የሰው ልብ አንድ ቦታ አይቆምም። ሰውየው ሲደነግጥ፣ ሲያስል፣ በረጅሙ ሲተነፍስ ምቱ አብሮ ይቀየራል። የባለሱቅ ሚዛን የሚፈተሸው ክብደቱ በታወቀ ብረት ነው። ሞኒተርም እንደዚያው ነው። ቁመቱም ጊዜውም አስቀድሞ የታወቀ ሲግናል ይሰጠዋል። ያንን ሲግናል የሚያመነጨው ሰርኪዩት ነው ሲግናል ጀነሬተር የሚባለው።

ዘመዶቹ ብዙ ናቸው። ደረት ውስጥ የሚተከለውና ልብን በኤሌክትሪክ ምት የሚያስመታው ፔስሜከር አንድ ዓይነት ሲግናል ጀነሬተር ነው። የሰውነትን የውሃ መጠን የሚገምቱ መሣሪያዎችም ብዙ ጊዜ 50 ኪሎኸርትዝ የሆነ ደካማ ሞገድ ያመነጫሉ።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። በቀጭን ቧንቧ የሚሞላ ባልዲ አስቡ። ሲሞላ ተደፍቶ እንደገና መሞላት ይጀምራል። የቧንቧውን ቅጥነት ሬዚስተሩ ይወስናል፤ የባልዲውን ትልቅነት ካፓሲተሩ ይወስናል፤ የሚደፋው ደግሞ ትራንዚስተሩ ነው። የሬዚስተሩና የካፓሲተሩ ብዜት ጊዜውን ይነግራችኋል። 1 ሜጋ ኦም በ1 ማይክሮፋራድ ሲባዛ 1 ሰከንድ ይሆናል።

እዚህ ላይ የዊልሰን ግሬትባችን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። አሜሪካዊ ኢንጂነር ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቡፋሎ፣ ኒውዮርክ ውስጥ የልብ ድምፅ ለመቅዳት የሚረዳ ኦሲሌተር፣ ማለትም ሞገድ እየደጋገመ የሚያወጣ ሰርኪዩት፣ እየሠራ ነበር። የፈለገው የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ነው። መጠኑን የሚናገሩትን የቀለም ቀለበቶች አሳስቶ አንብቦ የ1 ሜጋ ኦሙን አነሳ። ቡናማ፣ ጥቁር፣ ብርቱካናማ ማለት 10 ሺህ ኦም ነው። ቡናማ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ ደግሞ 1 ሚሊዮን ኦም። በአንዲት ቀለበት ቀለም የ100 እጥፍ ልዩነት ይመጣል። ገጥሞ ሲያበራው ሰርኪዩቱ ለ1.8 ሚሊሰከንድ መታና ለ1 ሰከንድ ያህል ዝም አለ። ደግሞ መታ፣ ደግሞ ዝም አለ። ግሬትባች የልብን አመታት እያየ መሆኑ ወዲያው ገባው። እ.ኤ.አ. ሜይ 1958 በ2 ትራንዚስተር የተሠራውን ፔስሜከር ይዞ ወደ ዶክተር ዊልያም ቻርዳክ ሄደ። ውሻ ላይ ሞከሩት፣ ሠራ። በ1960 ወደ ሰው ደረሰ።

2 ትራንዚስተር ብቻ መሆኑን ልብ በሉልኝ። አንድ ዕቃ በተጨመረ ቁጥር ሊለቅ የሚችል ብየዳ ይጨመራል፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ደረት ውስጥ ያለ ነገር ደግሞ ተፈትቶ አይጠገንም።

ግን ቀላልነት ብቻውን አይበቃም። የተለመደ ካፓሲተር በ10 በመቶ ሊሳሳት ይችላል። ያኔ 60 መሆን የነበረበት ምት 55 ወይም 67 ይሆናል። በዚህ ሞኒተር መፈተሽ በተጎዳ ሚዛን ሌላ ሚዛን እንደማረም ነው።

መፍትሔው ያለው እጅ ሰዓት ውስጥ ነው። የሰዓት ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ቁጥሩ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። 15 ጊዜ ለሁለት ስታካፍሉት ልክ 1 ላይ ታርፋላችሁ። ሲዲ 4060 የምትባለው ርካሽ ቺፕ ክሪስታሉን ራሷ ታንቀሳቅሰዋለች፤ 14 ጊዜም ታካፍላለች። በሰከንድ 2 ይወጣል። የቀረችውን አንዷን ሲዲ 4013 በምትባል ሌላ ቺፕ ውስጥ ያለ ፍሊፕ ፍሎፕ (ለሁለት የሚያካፍል ሰርኪዩት) ይጨርሳታል። አሁን በደቂቃ 60 ምት አላችሁ፤ ስሕተቱ በቀን 2 ሰከንድ እንኳ የማይሞላ።

ቀጥሎ ቁመቱ ነው። ቆዳ ላይ የሚገኘው የልብ ሲግናል 1 ሚሊቮልት አካባቢ ነው። ባትሪው እየደከመ ሲሄድ ቁመቱ አብሮ እንዳይወርድ በ5 ቮልት ሬጉሌተር እንጀምር። ከዚያ የ499 ኪሎ ኦምና የ100 ኦም ሬዚስተሮችን በተርታ እናያይዝ። 100 ኦሙ ላይ 1.002 ሚሊቮልት ይገኛል። ተራ መልቲሜትር ይህን ያህል ትንሽ ቮልቴጅ በትክክል አይለካም። ስለዚህ 5 ቮልቱንና ሁለቱን ሬዚስተሮች ለየብቻ ለክታችሁ አስሉት። የ1 በመቶ ሬዚስተሮች ሁለቱም በመጥፎው በኩል ቢሳሳቱ እንኳ ልዩነቱ 2 በመቶ ነው። የልብ ሲግናል በሚሳልበት በኢሲጂ ወረቀት ላይ 1 ሚሊቮልት 10 ሚሊሜትር ስለሚቆም፣ ስሕተቱ 0.2 ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል።

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው ቀጥሎ ባለው ነገር ነው። ከፍሊፕ ፍሎፑ የሚወጣው ሞገድ ግማሽ ሰከንድ ከፍ ይላል፣ ግማሽ ሰከንድ ዝቅ ይላል። ሞኒተሩ የሚፈልገው ደግሞ ፈጣን ዝላይ ነው። ሽቅቡን አንድ ምት፣ ቁልቁሉን ሌላ ምት አድርጎ ሊቆጥር ይችላል። 60 ልካችሁለት 120 ያነባል፤ ጤነኛ መሣሪያም ተበላሽቷል ተብሎ ጥግ ይጣላል። ምቱን ማሳጠር ነው መፍትሔው። የእውነተኛ ልብ ሹል ሞገድ ከ80 እስከ 100 ሚሊሰከንድ ያህል ነው የሚቆየው። ሲዲ 4013 ውስጥ ያለው ሁለተኛ ፍሊፕ ፍሎፕ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። አንድ የ100 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና አንድ የ1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ስትሰጡት ወደ 70 ሚሊሰከንድ የሚቆይ አጭር ምት ያወጣል። አዲስ ቺፕ አላስፈለገም። እዚህ ካፓሲተሩ 10 በመቶ ቢሳሳትም ግድ የለም። የምቱን ርቀት የያዘው ክሪስታሉ ነው። እኔ የጥሩ ዲዛይን ምልክት የምለው ይሄን ነው። ውዱን ዕቃ በሚለካው ነገር ላይ ማዋል፣ ሌላውን በተገኘው መሥራት።

ሰርኪዩቱ በባትሪ ብቻ ይሥራ። የሚያያዘውም ከሞኒተሩ ኬብል ጋር እንጂ በፍጹም ከሰው ጋር አይደለም።

ኬብሉ በአውሮፓ የቀለም ሥርዓት ከሆነ ቢጫውን 100 ኦሙ ላይኛው ጫፍ ላይ አድርጉ። ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ጥቁሩን አንድ ላይ ታችኛው ጫፍ ላይ። ሊድ የሚባለው በሁለት ገመዶች መካከል ያለውን ልዩነት የሚያሳይ መስመር ነው። ሊድ 1 ላይ ወደ ላይ የሚዘል 10 ሚሊሜትር ታያላችሁ። ሊድ 2 ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። ሊድ 3 ደግሞ በዚያው ቁመት ወደ ታች ይዘላል። በእያንዳንዱ ምት መካከል፣ ወረቀቱ በሰከንድ 25 ሚሊሜትር የሚሄድ ከሆነ፣ ልክ 25 ትናንሽ ካሬ ቁጠሩ።